ከወራጁ ላይ የወረደ ፍልጥ

ግንቦት 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት አርባ አንድ ልጅ ጭኜ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት አርባ አንዱን መልሼ ወደየቤታቸው። አንዱ የምሳ ዕቃው ውስጥ ኤሊ ይዞ ገባ። "ምሳህስ?" ስለው "እሱ በላው" አለኝ። ምን ይባላል... ሁለቱንም ጫንኳቸው።

ቤት ስገባ ወንድሜ ዴል ማቀዝቀዣዬን ከፍቶ ቆሟል። እንደ ልማዱ። አፉ ሙሉ ሆኖ "ኤዱጂ ቅዳሜም ሜዳ አልመጡም፣ አራተኛቸው ነው" አለኝ። አላውቅ ይመስል! አጎታችን ኦርቫል፣ በቼሮኪ አጠራራችን ኤዱጂ፣ የእናታችን ብቸኛ ወንድም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። የበቆሎ አገዳ ክምር ከሰማንያ እርምጃ በፍላጻ የምንወጋበትን ሜዳ ያለ እሳቸው ከተወለድኩ አይቼ አላውቅም።

ለምን እንደቀሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለኔ ሲል ነው ዝም ያለው።

ግንቦት 18

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? የኤዱጂን ደጋን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አሳማ የተጠበሰ ቀን። ሰው ሳህኑን ይዞ ጥላ ጥላውን ተቀምጧል። ኤዱጂ ደጋናቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው ለምግብ ተሰልፈዋል። ሊሮይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ቡድን አለቃ፣ ያ ምላሱ የማያርፍ፣ "አንቺ አውቶቡስ ነጂ፣ መሪ ከመጠምዘዝ ሌላ ጉልበት አለሽ?" አለኝ። ሰው ሳቀ። ደጋኑን አነሣሁት። እስከ ጉንጬ ሳብኩት። ለቀቅኩት።

ያለ ፍላጻ። ባዶውን።

የአምስት ዓመት የቼሮኪ ልጅ የሚያውቀውን! ፍላጻ ከሌለበት ጉልበቱ መሄጃ ያጣል፣ እንጨቱ ራሱን ይበላል። አርባ ዓመት ያገለገለ ደጋን ሁለት ቦታ ሆነ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኤዱጂ ሳህናቸውን አስቀምጠው መጡ። ሁለቱን ቁራጭ አነሡ፣ አውታሩን መዳፋቸው ላይ ጠቀለሉ፣ "ባቄላው ሳይቀዘቅዝ እንብላ" አሉ። በቃ ይኼው ነው። ምነው በሰደቡኝ!

ግንቦት 20፣ ቅዳሜ

አምስተኛ ቅዳሜ። ሜዳውን ትቼ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

ሚስታቸው አክስቴ ሉሲል በር ላይ ያዙኝ። "አልተቆጣም ልጄ። ትከሻው መሳብ እንቢ ካለው አራት ዓመቱ አይደል? ደጋኑን ይዞ ለመቆም ነበር የሚሄደው። አሁን ባዶ እጁን ሄዶ ምን ይሥራ? 'ከሽማግሎቹ ጋር ወንበር ላይ ተጎልቼ ሎሚናት ልጠጣ?' ነው የሚለኝ።" ሽማግሎቹ! ከነሱ ሁሉ እኮ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

ኤዱጂ ጠረጴዛው ላይ ሆነው ሰሙን። ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ በአገጫቸው ወደ ጋራዡ ጠቆሙኝ። መሰላል ወጣሁ። የጣራው ወራጅ ላይ አንድ ፍልጥ፣ ለደጋን የሚመረጠው የቦዳርክ እንጨት፣ ጫፉ ቀለም የተቀባ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የደረቀ።

"አንድ ናት" አሉኝ። "ሌላ የለም።"

"ያሳዩኛል ታዲያ?"

"እኔን ማን አሳየኝ? አየሁ፣ ሠራሁ።" ደግሞም፣ "ስትናደጂ አትንኪያት።"

መኪናዬ ላይ ጫንኳት። የመስከረሙ ውድድር ሦስት ወር ተኩል ቀርቶታል። እኔ ሰብሬአለሁ፣ እኔ እተካለሁ። የሰበርኩትን የሚያህል፣ ለመሳብ ሃምሳ ፓውንድ ጉልበት የሚፈልግ። ይዘውት ይቆማሉ። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ግንቦት 27

ቅርፊቱን ገፈፍኩ። ከስሩ ነጩ እንጨት፣ ከነጩ ስር ቢጫው። እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ! ልብሴ፣ ጥፍሬ፣ ዴል ያመጣው ቡና ላይ ሳይቀር ብናኙ ገባ።

የቦዳርክ ነገር እንዲህ ነው... ለደጋኑ ጀርባ፣ ወደ ዒላማው ለሚዞረው ፊት፣ አንድ የዕድሜ ቀለበት ትመርጫለሽ። ዛፉ በአንድ ዓመት ያበቀለው አንድ ሽፋን። ከጫፍ እስከ ጫፍ እሱን ብቻ ተከትለሽ የላይኞቹን ታነሺያለሽ። አንድ ቦታ ብትበጥሺው ደጋኑ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራል። ይህን ሳልጠየቅ መናገር እችላለሁ። መሥራት ግን...

ሰኔ 3

ትምህርት ቤት ተዘጋ። እሰይ! ከእንግዲህ ቀኑ ሙሉ የኔ ነው።

ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ባለ ሁለት እጀታውን ቢላ ይዤ፣ ወደ ራሴ እየሳብኩ። በሁለት ቀለበት መካከል ስስ፣ ባለ ቀዳዳ እንጨት አለ፤ ቢላው እዚያ ሲደርስ ብስኩት እንደሚበላ ሰው ክርሽ ክርሽ ይላል። ክርሽታው ሲያልቅ የምፈልገው ቀለበት ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። ራዲዮኑን ዘጋሁት። በጆሮ የሚሠራ ሥራ ነው ለካ።

የመረጥኩት ወፍራም ነው፣ ግማሽ ጣት ይሆናል ብል አጋነንኩ... ግን ወፍራም ነው። ግማሹን ጨርሻለሁ። እጄ ተላልጧል።

ሰኔ 10፣ ቅዳሜ

ሜዳ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። ሊሮይ ገና ከሩቅ፣ "ቬልዳ! የጥርስ መጎርጎሪያ እየጠረብሽ ነው አሉ! ለኔም አንድ!" ሰዉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። 

ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቢላውን አነሣሁ። አሳየዋለሁ ብዬ።

ሰኔ 11

በጠስኩት።

መሃል አካባቢ፣ ከመያዣው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ቋጠሮ ነበረች። ቋጠሮ ሲመጣ ዙሪያዋን ጉብ አድርጎ መተው ነው ደንቡ። አውቃለሁ! በላይዋ አለፍኩባት። ቢላው ቀለበቱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ገባ። ጥፍር የምታህል ቦታ። ለዚያች ጥፍር ስል ሙሉውን ቀለበት ማንሣት ሊኖርብኝ ነው፤ ከስሩ ያለው ደግሞ ከሱ የሳሳ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች... የኔ ይባስ፣ የፈሰሰው አይለቀምም።

ሰኔ 12

አልነካኋትም። ኮርኒስ ሳይ ዋልኩ።

ሰኔ 21

ሁለተኛው ቀለበት አለቀ። አሥር ቀን። በየቋጠሮው ዙሪያ እንደ ሕፃን ራስ እየተጠነቀቅኩ። ሊሮይ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ያናደደኝ ቀን ጋራዡ ተቆልፎ ይውላል ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጀርባዋ ላይ አንድም የተቆረጠ ቦታ የለም። ሦስቴ በጣቴ ሄድኩባት። የለም።

ሐምሌ 1፣ ቅዳሜ

ደጋኗን መጎበጥ ማስተማር ጀመርኩ። ዴል ግድግዳው ላይ እንጨት መትቶ፣ ገመድ አስሮ፣ የሰውነት መመዘኛዬን ከስሩ አደረገልኝ። ደጋኗ ስትሳብ ሚዛኑ ስንት ፓውንድ እንደሆነች ይናገራል። እኔ ገመዱን ስስብ እሱ ተንበርክኮ አነበበ።

"ሃምሳ ሁለት ላይ ትቆማለች!"

"እሙት በል!"

"እሙት! ግን እህቴ፣ ይኼ ሚዛን አንቺን ስንት ነው የሚልሽ?"

መዶሻ ወረወርኩለት... ሳተው። ደስ ብሎኛል። አንድ ቀለበት አጥቼ እንኳ ሃምሳ ሁለት! ኤዱጂ ይህን ሲይዙ ታየኝ።

ሐምሌ 8

የውድድሩ አዘጋጆች ኤዱጂን በክብር ሊጋብዟቸው ቤታቸው ሄደው ነበር አሉ። ጥላ ስር ወንበር፣ ስማቸው የተጻፈበት። "አልመጣም" አሏቸው። ዴል ነው የነገረኝ።

"ደጋን እየሠራሁላቸው እንደሆነ እያወቁ?"

"አውቀው ነዋ። 'ለኔ ብላ እንዳትደክም ንገሯት' ብለዋል።"

እንዳልደክም? አሁን? ሰባት ሳምንት ተላልጬ? ለማን ነው ታዲያ ይኼ ሁሉ?  ሞረዱን አንሥቼ ከመያዣው በላይ ያለውን ክንፏን ሞረድኩት፣ ሞረድኩት፣ ሞረድኩት።

ሐምሌ 9

ወይ እኔ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ከሁለት ሳምንት በፊት ምዬ አልነበር?

የላይኛው ክንፍ አንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል። እንደ ክርን። የቀረው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሳስታለች እዚያ ጋ፤ የተነሣ እንጨት ደግሞ አይመለስም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ የቀረውን ሁሉ እሷን እስኪያህል ማሳሳት። ሃምሳ ሁለት ደህና ሁኚ።

ዴል "ተዪው በቃ፣ ከሌላ እንጨት..." ሲል አቋረጥኩት። ሌላ እንጨት የለም። ይቺን ነው የሰጡኝ፣ ይቺን እጨርሳለሁ። ቢመጡም ባይመጡም።

ሐምሌ 15

አርባ አምስት። ክርኗ ትንሽ ቀንሷል።

ሐምሌ 22

አርባ አንድ። አሁን የታችኛው ክንፍ ጠነከረባት። እሱንም ማሳሳት።

ጠዋት ላይ ብቻ ነው የምሠራው። ገብቼ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ። ትንፋሼ ዝግ ካላለ ተነሥቼ እወጣለሁ። ሁለት ቀን እንዲሁ ወጥቻለሁ። የሰፈሩ ሰው ቢያይ አበደች ይል ነበር።

ሐምሌ 29

ሠላሳ ስድስት። ሁለቱም ክንፎች እኩል ጎበጡ። ዴል ፎቶ አንሥቶ አሳየኝ፤ ግማሽ ጨረቃ ናት። እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

ሠላሳ ስድስት ግን የልጅ ደጋን ነው።

ነሐሴ 2

ሊሮይ መጣ። መኪናው ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ገለጠው። ቦዳርክ፣ ሃምሳ አምስት ፓውንድ፣ ራሱ የሠራው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ።

"ውሰጂና ስጫቸው" አለኝ። "አንቺ እንደሠራሽው ንገሪያቸው። እኔ አፌን አልከፍትም።"

"አንተ? አፍህን?"

አልሳቀም። ያን ቀን ባልናገርሽ ኖሮ አትሰብሪውም ነበር፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ አለኝ። ሊሮይ! ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲቀልድብኝ የከረመው ለካ እሱም ጨንቆት ነው።

ደጋኑን ይዤ ቆየሁ። መያዣው መዳፌ ውስጥ ልክ ገባ። ማን ያውቃል? ብዬ አሰብኩ፣ አልዋሽም። ደብተሬ ላይ ምን እዋሻለሁ። ኤዱጂ ይዘውት ሜዳው መሃል ሲቆሙ ታየኝ... እኔ ደግሞ ከኋላቸው ቆሜ ስዋሽ።

"ውሰድልኝ" አልኩት። "ይቺ ብትከፋም የኔ ናት።"

"እልኸኛ ነሽ" አለኝ።

"ነኝ።" ብርድ ልብሱን ራሴ ጠቀለልኩለት።

ነሐሴ 5

ሞራ ቀባኋት፣ አውታር ገመድኩላት። ከሃያ እርምጃ ላይ ጣፋጭ ናት፤ እጅ ላይ አትዘልም። ከሰማንያ እርምጃ ላይ ግን ስድስት ፍላጻ ወረወርኩ፣ ስድስቱም ስልሳው ላይ ሣር ውስጥ ተተከሉ። የአገዳው ክምር እዚያ ማዶ ሆኖ ያየኛል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፍላጻዎቼን ለቀምኩ። ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ። ደካማም ብትሆን አሥራ አንድ ሳምንቴ ናት፣ ይዩዋት።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

በረንዳው ላይ ነበሩ። አክስቴ ሉሲል ከጎናቸው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ደጋኗን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ከጫፍ ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ።  መሃል ሲደርሱ ቆሙ።

"ከዚህ በላይ ሌላ ቀለበት ነበር።"

"ነበር።"

"ተናደሽ ነበር።"

"ሊሮይ እኮ ነው..."

"ቢላውን የያዘው ሊሮይ ነው?"

 ገለበጧት፣ በሆዷ በኩል ወደ ላይ ሄዱ። አሁንም ቆሙ። "እዚህም።"

"እዚህ የተናደድኩት በእርስዎ ነው!" አልኩ። ሳላስበው አመለጠኝ። "እየሠራሁልዎት 'አልመጣም' ይላሉ! ሰው እንዲህ ይባላል?"

አክስቴ ሉሲል መፈልፈላቸውን አቆሙ። ኤዱጂ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እሺ፣ እሺ" ብቻ ይላሉ።

"ደካማ ናት" አልኳቸው። "የሰበርኩትን አትተካም። ሠላሳ ስድስት ናት፣ ሰማንያ እርምጃ አትደርስም።"

 ተነሡ። አውታሯን ራሳቸው ወጠሩ፣ ጉልበታቸውን ተጠቅመው፣ እንደ ድሮው። አነሷት። ሳቡ። እኔ ለማስቆም እጄን ዘረጋሁ... ትከሻቸው! ግን ሳቡ። እስከ ደረት፣ እስከ አገጭ፣ እስከ ጉንጭ። እዚያ ያዟት። ክንዳቸው አልተንቀጠቀጠም።

አራት ዓመት። አራት ዓመት ሙሉ ምንም ደጋን እስከ ጉንጫቸው አልመጣም ነበር።

"ኦርቫል?" አሉ አክስቴ ሉሲል፣ በቀጭን ድምፅ።

ቀስ አድርገው መለሷት። ደግመው ሳቡ። ደግመው መለሱ። ከዚያ ዞር ብለው፣ ሲቆጡ ብቻ በሚሰማው ድምፃቸው፣ "ምን ትቆሚያለሽ? ፍላጻ አምጪ እንጂ!"

ሮጥኩ። ሮጥኩ እላለሁ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ።

ነሐሴ 13

ስልኩ በጠዋት ጮኸ። አክስቴ ሉሲል ናቸው። "ከንጋት ጀምሮ ጓሮ ነው። የልብስ ማድረቂያ ገመዴን በጠሰው።"

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

ሜዳ ስደርስ መኪናቸው ቀድሞ ቆሟል።

የምታይው ዝቅ አድርገሽ ነው አሉኝ። እንደ ጠንካራ ደጋን በቀጥታ ወደ አገዳው ታነጣጥሪያለሽ፣ ስህተትሽ እሱ ነው። ወደ ዛፎቹ ጫፍ ተመልከቺ፤ ፍላጻዋ መውረዱን ራሷ ታውቅበታለች። ወረወሩ። ፍላጻዋ ወደ ላይ ሄደች፣ ሄደች... ጠፋች ስል ወርዳ ክምሩ አጠገብ ተተከለች። ሰማንያ እርምጃ! እኔ "አትደርስም" ያልኳት።

ሊሮይ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር። አንድም ቃል አልወጣውም። ይህንንም ለማየት አበቃኝ።

መስከረም 2፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። የሊሮይ ቡድን ለማሸነፍ የሚበቃውን ሃምሳ አገዳ ወግቶ ሲሞላ እኛ ሠላሳ አራት ላይ ነበርን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ዴል የራሱን ሳይሆን የሌላ ቡድን ክምር መታ፣ ይኼ እስከ ዘላለም ይነገርበታል።

ከሠላሳ አራቱ ሦስቱ የኤዱጂ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ፍላጻ፤ ከላይ ወርዳ ሁለት አገዳ በአንዴ ሰፋች። ሰው ጮኸ። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩም፣ ፍላጻቸውን ሊነቅሉ ሄዱ። በየዙሩ ሜዳውን ከዳር ዳር በእግራቸው ተመላለሱ። ስማቸው የተጻፈበት ወንበር ላይ የሰው ውሻ ተኝቶበት ዋለ።

ማታ ደጋኗን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ፣ "ምን?" አሉኝ።

"ሞራ ልቀባልዎት..."

"የኔን ደጋን እኔ እቀባለሁ። አንቺ የራስሽን ሥሪ።"

በምን እንጨት? አልኩ። 

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ብርድ። ኤዱጂ ሳይነጋ መጥተው የመኪና ጡሩምባ ነፉብኝ። መኪናው ውስጥ መጋዝ፣ ሽብልቅ፣ ከባዱ መዶሻ፣ ዴል ተኮራምቶ።

ከአጥሩ ዳር ያለውን ቦዳርክ ጣልነው። እሾሁ ጃኬቴን ቀደደው። ግንዱን እኔና ዴል በሽብልቅ ፈለጥን፣ እሳቸው የት ጋ እንደምንመታ በእግራቸው ጫፍ እያሳዩ። "እዚህ። አይደለም፣ እዚህ። ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለሽ?" አሁን ያሳያሉ። ይናገራሉም። ዝምታቸው ናፈቀኝ ልበል? አልናፈቀኝም።

አራት ደህና ፍልጥ ወጣ። ጋራዡ ውስጥ፣ እንዳይሰነጠቅ፣ ጫፎቹን ከኩሽና በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባን። ከዚያ ጥቁር ቀለም ከፍተው በእኛ በቼሮኪ ፊደል ስም መጻፍ ጀመሩ። አንዱ ላይ የኔን። አንዱ ላይ የዴልን። አንዱ ላይ የሊሮይን። "እንቅልፍ አጥቶ ነበር አላልሽም?" አሉኝ።

አራተኛው ላይ የራሳቸውን ጻፉ።

ዴል አየኝ፣ እኔም አየሁት። እሱ እንዳይናገር በዓይኔ ብለምነውም አፉ መቼ ያርፋል። "ኤዱጂ፣ ይኼ ለመድረቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"አምስት። ስድስትም ይሻላል።"

 ብሩሹን በጨርቅ ጠረጉ፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ ወደኔ ዞሩ።

"ያኔ ሠላሳ ፓውንድ ይበቃኛል" አሉኝ። "በደንብ አሳሺልኝ።"

ፍልጡን አንሥተው መሰላሉ ላይ መውጣት ጀመሩ። አክስቴ ሉሲል ከኩሽና "ኦርቫል፣ ውረድ!" እያሉ ይጮኻሉ። አልወረዱም። እኔ ከስር መሰላሉን ይዤ ቆምኩ።